ኮከቡ ውጭ ሲሄድ ለምን ይቸገራል?

የዛሬው የስፖርት አምዳችን በእረፍት ሰዓት ከምንከራከርበት ነገር የተነሳ ነው። «አቡበከር ናስር እዚህ እንደዛ ሲያገባ ከርሞ ውጭ ሲሄድ ምን ነካው? በቃ አለቀለት» የሚሉ ልጆች አሉ። እኛ ግን ምክንያቱን እናብራራ።

አቡበከር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ የፕሪሚየር ሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2014 ዓ.ም. ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ፈረመ። እዚያ ግን ጉዳት እየደጋገመ ከሜዳ አራቀው።

አንደኛው ችግር ፉክክሩ ነው። ሰንዳውንስ ከየሀገሩ ጎበዝ ጎበዙን ይሰበስባል። በደቡብ አፍሪካ ሊግ ደግሞ አንድ ክለብ የሚያስመዘግበው 5 የውጭ ተጫዋች ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ነው። አንዱ ሲታከም ሌላው ቦታውን ይይዝበታል። ሲድን እንደገና ከተቀያሪ ወንበር ይጀምራል።

ሦስተኛው ቋንቋና ብቸኝነት ነው። አሰልጣኙ ከሜዳ ዳር ሲጮህ ቶሎ ካልገባህ ኳሷ አልፋህ ትሄዳለች። ማታ ደግሞ ቤተሰብ የለ፣ እንጀራ የለ፣ የሚያጫውት የለ።

እኛ አርሲዎች የለመድነው ሯጭ ነው። እነ ኃይሌና እነ ቀነኒሳ ውጭ ሄደው ሮጠው በራሳቸው እግር ያሸንፋሉ። ኳስ ተጫዋች ግን ሌላ ሰው ካላቀበለው ምን ያደርጋል?

ታዲያ አለቀለት ማለት ነው? አይደለም! ጌታነህ ከበደም ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄዶ ነበር። ከተመለሰ በኋላ በ2009 ዓ.ም. 25 ግብ አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል።

እዚሁ ግቢያችን ውስጥም «ዝውውር» አለ። ዘንድሮ ከሌላ ከተማ ወደ ክፍላችን የመጣ ልጅ አለ። ኳስ ከአጥር ውጭ ስትወጣ እሱን ነበር የምንልከው። «አይችልም» ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሰው ጎደለብንና አስገባነው። መጀመሪያ ማንም አላቀበለውም። በኋላ ኳስ ሲደርሰው ግን ሁለት ሰው አልፎ አገባ! ለካ ያጣው ችሎታ ሳይሆን የሚያቀብለው ሰው ነው። በጣም አፈርኩ።

ስለዚህ ልጆች፣ «አለቀለት» ከማለታችን በፊት ኳስ አቀብለነው እናውቃለን ወይ ብለን እንጠይቅ። በሚቀጥለው እትም ያገናኘን!

ከስፖርት አምድ አዘጋጅ፣ ሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ አሰላ