የደራርቱን ሩጫ ማን ፈቀደው?

የማጠናው የስፖርት አስተዳደርና አካታችነትን ነው ስል ከሁለት ጥያቄዎች አንዱ ይከተለኛል። «ታዲያ ዘንድሮ ዋንጫውን ማን ይበላዋል?» ወይም «እሱ ደግሞ ይጠናል እንዴ?» የመጀመሪያውን ለጋዜጠኞች ትቼዋለሁ። ሁለተኛውን በውስጥ መስመርም ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልመልሰው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ባርሴሎና፣ 1992። ደራርቱ ቱሉ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ከኋላ ስትከተል ቆይታ በመጨረሻው ዙር ጥላት ሄደች። ከዚያ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው መሙን ዞሩ። ይህን የማያውቅ የለም። ብዙም የማይነሳው ግን የሴቶች 10 ሺህ ሜትር በኦሊምፒክ ሲካሄድ ያ ገና ሁለተኛው መሆኑ ነው። የመጀመሪያው በ1988 ሴኡል ላይ ነበር፤ እኛ ደግሞ ሴኡል አልሄድንም። ወንዶቹ ይህንኑ ርቀት ከ1912 ጀምሮ ሲሮጡት ኖረዋል። ምሩፅ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ፣ በዚያ ኦሊምፒክ ለሴት የተፈቀደው ረጅሙ ሩጫ 1500 ሜትር ነበር።

እስቲ በቆጂ ውስጥ ከደራርቱ አሥራ አምስት ዓመት ቀድማ የተወለደች፣ እሷን የምታህል ሯጭ ነበረች እንበል። ምን ላይ ትሮጥ ነበር? እግሩ አላት፣ ሳንባው አላት፤ ውድድሩ ግን የለም።

የለም ያለው ማን ነው? ጥናቴ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ፤ ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በክብረ ወሰን አሸነፈች። ጋዜጦቹ ግን ስለ ድሏ ትተው ሯጮቹ መሙ ላይ እንደ ቅጠል ረገፉ ብለው ጻፉ። ፍጻሜው ላይ የተሰለፉት ዘጠኝ ነበሩ፤ ዘጠኙም ጨርሰዋል። 800 ሜትር ሮጦ ከጨረሰ በኋላ መሬት ላይ የማይዘረር ወንድ ካለ አሳዩኝ። የሆነ ሆኖ ርቀቱ ከሴቶች ፕሮግራም ተሰረዘ፤ የተመለሰውም በ1960፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት የሮም ኦሊምፒክ ነው። 32 ዓመት ሙሉ ማለት ነው፤ የአንድ ትውልድ ሯጮች ዕድሜ በአንድ የስብሰባ ውሳኔ ተበላ።

ሴት ስብሰባው ውስጥ ብትኖር ይህ አይሆንም ነበር የሚል መልስ ይቀናናል። እኔ በግማሽ ብቻ ነው የምስማማው። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሴት አባላትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገባው በ1981 ነው። የሴቶች ማራቶን ለሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የጸደቀው ደግሞ በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ እነሱ ከመግባታቸው በፊት። ያን ውሳኔ ያስመጡት ከውጭ ሆነው በየከተማው ማራቶን እየሮጡ የጎተጎቱ ሴቶች ናቸው። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ በማራቶን ያጠለቀችው ወርቅ ውስጥ የእነሱም ድካም አለበት።

ግፊት በር ያስከፍታል፤ በሩ ተመልሶ እንዳይዘጋ የሚያደርገው ግን መተዳደሪያ ደንብ ነው። የዓለም አትሌቲክስ በ2016 ደንቡን ሲያሻሽል በ2027 የምክር ቤቱ ግማሽ ሴቶች እንዲሆኑ አስገዳጅ አድርጎ ጻፈ፤ በ2023 ምርጫ ቀድሞ ደረሰበት። ወደ እኛ ስንመጣ ደራርቱ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን ወንበር የያዘችው በ2018፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲለቅ ነው። ኮርቻለሁ። ግን ስሟ ደራርቱ ያልሆነ፣ ወርቅ የሌላት፣ ሒሳብም ሕግም የምታውቅ ሴት በየትኛው አንቀጽ በኩል ትገባለች? ዕጩ የሚያቀርበው ማን ነው? ድምፅ ያለው ማን ነው? አሰልቺ ጥያቄዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ደመወዜን የማገኘው በነሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ያየሽ ጌቴ በ2024 የፓሪስ ፓራሊምፒክ ዓይነ ስውራን በሚወዳደሩበት ምድብ 1500 ሜትር ወርቅ አምጥታለች። በዚህ ምድብ ሯጯ ዓይኗ ይሸፈናል፤ በአጭር ገመድ ከመሪዋ ጋር ተያይዛ ትሮጣለች፤ መሪው መስመሩን ቀድሟት ከገባ ውጤቷ ይሰረዛል። መሪው እንግዲህ ከእሷ የፈጠነ፣ ግን የማይቀድማት፣ በየቀኑ አብሯት የሚሠራ፣ ለዚያ ሲል የራሱን ውድድር የሚተው ሰው ነው። የሱ ቀለብ፣ ጫማና ትራንስፖርት ከየት ይመጣል? የፌዴሬሽኑ በጀት ላይ «መሪ ሯጭ» የሚል መስመር ከሌለ፣ ልጅቷ ምንም ብትበረታ ለብቻዋ ልምምድ አትወጣም። ስለ አካታችነት በየመድረኩ ከሚባለው ሁሉ በላይ እኔ የማምነው ይህን መስመር ነው።

አሁን የክልልና የከተማ ፌዴሬሽኖችን መተዳደሪያ ደንብ እየሰበሰብኩ ነው፤ የአትሌቲክስ ብቻ ሳይሆን የማንኛውም ስፖርት። እጃችሁ ላይ ያለ ካለ ላኩልኝ፤ በስልክ ፎቶ የተነሳም ይሆናል። የአባላት ድምፅ አሰጣጥ ያለበት ገጽ ብቻ እንዳይቀር። ማኅተም ያለበት ከሆነ ምርቃት ነው።