ከገዳም ቅጥር እስከ ብርጭቆ፦ የቤልጅየም የገዳም ቢራዎች

እ.ኤ.አ. በ2016 መገባደጃ ዩኔስኮ አዲስ አበባ ላይ ባካሄደው ጉባኤ የገዳ ሥርዓትን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር፣ የቤልጅየምን የቢራ ባህልም በዚያው ሰሞን መዝግቦታል። የዚህ ባህል ስመ ጥሩ ዘርፍ የገዳም ቢራ ነው።

ጠርሙሱ ላይ ገዳም የተሳለበት ሁሉ ታዲያ ከመነኮሳት እጅ የወጣ አይደለም። የ«ትራፒስት» ምልክት የሚሰጠው በገዳሙ ቅጥር ውስጥ፣ በመነኮሳቱ ወይም በእነሱ ተቆጣጣሪነት ለተጠመቀ ቢራ ነው፤ ትርፉም ለገዳሙ መተዳደሪያና ለበጎ አድራጎት መዋል አለበት። ዌስትማለ፣ ሺሜ፣ ኦርቫል፣ ሮሽፎርና ዌስትቭሌተረን ከዚህ ወገን ናቸው። አኸል ግን በ2021 የመጨረሻዎቹ መነኮሳት ሲለቁት ምልክቱን አጣ። ሌፍ ደግሞ ስሙን ያገኘው በ1152 ከተመሠረተ ገዳም ቢሆንም፣ የሚጠመቀው ሉቨን ከተማ በሚገኘው የግዙፉ የቢራ ኩባንያ ኤቢ ኢንቤቭ ፋብሪካ ነው፤ ገዳሙ ለስሙ ክፍያ ይቀበላል።

ወደ ጣዕሙ ሲመጣ ዋናው ባለሙያ እርሾው ነው። ዌስትማለ በ1934 ለገበያ ያቀረበውና 9.5 በመቶ አልኮል ያለው ወርቃማው ትሪፕል ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል፤ ሙዝም ቅርንፉድም ግን አልገባበትም። መዓዛው እርሾው ሞቅ ባለ ስፍራ ሲያፈላው የሚፈጠር ነው። ዱበል የሚባለው ጠቆር ያለ ቢራ እስኪጠቁር ከተነጠረ ስኳር የዘቢብና የካራሜል ለዛ ያገኛል። ኦርቫል ለብቻው ነው፦ ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ሥራ ለቢራ የሚሠራው ሆፕስ፣ ቢራው ትኩስ ሳለ ይጎላበታል፤ ወራት ሲቆጠሩ ግን ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾ ጣፋጩን በልቶ ያደርቀዋል፣ የፈረስ ጋጣ የሚያስታውስ ሽታም ያመጣል። ይህን ሽታ የሚወዱት አጥብቀው ይወዱታል።

እነዚህን ቢራዎች በረዶ እስኪመስሉ አቀዝቅዞ መጠጣት ገንዘብ ማባከን ነው። ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አፈ ሰፊ ዋንጫ፣ ዝግ ያለ አቀዳድ ይበቃል። ብዙዎቹ ጠርሙስ ውስጥ ዳግም ስለሚፈሉ ከታች አተላ ይዘቅጣል፤ የጠራውን የሚፈልግ የመጨረሻዋን ጉንጭ እዚያው ይተዋታል። ብዙ ዓይነት የሚቀምስ ሰው ከቀላሉ ጀምሮ ኃይለኛውን ለመጨረሻ ቢያቆይ ይሻለዋል፤ 11.3 በመቶ አልኮል ካለው ሮሽፎር 10 በኋላ ሌላው ውሃ ውሃ ይላል።

«የዓለም ምርጥ» እየተባለ የሚወራለትን ዌስትቭሌተረን 12 የፈለገ ደግሞ አስቀድሞ ያዛል፤ መነኮሳቱ በዋናነት የሚሸጡት ገዳማቸው ደጃፍ ላይ ነው። ሮሽፎር 10 ግን ብራስልስ ውስጥ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ይገኛል፤ በጣዕም ከዚያኛው ያንሳል ብሎ መከራከር ይከብዳል።