አንድ ጨረቃ፣ ብዙ በዓል፦ ረመዷን በሂማላያ ግርጌ

ልጃቸው ባሕር ማዶ የሚኖር ቤተሰቦች ረመዷን ሲገባ የሚያሳስባቸው ነገር አለ። ማን ያስፈጥረዋል? ለሱሑር ማን ይቀሰቅሰዋል? አዛን በማይሰማበት፣ ዙሪያውን የሌላ እምነት በዓል በሚከበርበት አገር ጾሙን እንዴት ይይዛል? አምና ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ኔፓል ስንነሳ ወላጆቻችን የጠየቁን ይህንኑ ነበር። ዘንድሮም ተመሳሳይ ጭንቀት ያለባቸው ቤተሰቦች እንዳሉ ስለምናውቅ ያየነውን እናካፍላችኋለን።

ሦስት ነበርን፤ ሁለት መምህራንና አንዲት ነርስ። የተመደብነው ከዋና ከተማዋ ካትማንዱ በስተ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው የዱሊኬል ከተማ አቅራቢያ፣ ካቭሬ በሚባለው ወረዳ ባለ የገጠር መንደር ነው። በመስከረም 2017 አጋማሽ የጣለው ከባድ ዝናብ በኔፓል ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ካቭሬ ነበር። ጎርፉ መንገድ ቆርጦ፣ ቤትና ማሳ ጠርጎ ሄዷል። የእኛ ሥራ ከትምህርት ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን ማስጠናትና በጤና ጣቢያው የሚሠሩትን ማገዝ ነበር።

አገሩ ለዓይናችን እንግዳም ዘመድም ነበር። ተራራው ላይ እንደ ደረጃ የተሠራው እርከን ኮንሶን ያስታውሳል። ዱሊኬል ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። በስተጀርባዋ ግን የዓለም ትልልቅ ተራሮች ተደርድረዋል። በመጋቢት ጭጋግና ጭስ ይሸፍናቸዋል። ዝናብ ጥሎ ባደረ ቀን ግን ከፈጅር ሶላት በኋላ ደጅ ስንወጣ በረዶ የለበሱት ጫፎች መጀመሪያ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ወርቃማ፣ ከዚያም ነጭ ሲሆኑ እናያለን። በዚያ ሰዓት «ሱብሐነላህ» ለማለት አስታዋሽ አያስፈልግም።

አራት የዘመን ቁጥር

እኛ ከቤት የወጣነው በ2017 ነው። ኔፓሎች በራሳቸው አቆጣጠር 2081 ላይ ነበሩ። የአውሮፕላን ትኬታችን 2025 ይላል፤ ሒጅራው ደግሞ 1446 ነው። የራሱ ዘመን አቆጣጠር ካለው አገር ለመጣ ሰው ይህ ብዙ አይገርምም። የገረመን ጨረቃዋ ናት።

የኔፓል ሂንዱዎችም በዓላቸውን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነው። ልዩነቱ እነሱ በየሦስት ዓመቱ ገደማ አንድ ወር ይጨምራሉ፤ ስለዚህ በዓሎቻቸው ከወቅታቸው ብዙ አይርቁም። በእስልምና ወር ስለማይጨመር ረመዷን በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ወደፊት እየመጣ ክረምትና በጋውን ያዳርሳል። እነዚህ ሁለት አቆጣጠሮች አምና ተገናኙ። ሺቫራትሪ የሚባለው በዓላቸው ረመዷን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የቀለም በዓላቸው ሆሊ ጨረቃ ስትሞላ በረመዷን እኩሌታ፣ የፈረስ በዓላቸው ደግሞ ጨረቃዋ ጠፍታ ኢድ ሲቃረብ ዋለ። ዘንድሮም ሆሊ ረመዷን ውስጥ ይውላል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ግን ይለያያሉ፤ እንደገና ለመገናኘትም ሠላሳ ዓመት ያህል ይወስድባቸዋል።

እዚህ አገር ቤትም አምና ሁዳዴ የካቲት 17 ገብቶ ረመዷን የካቲት 22 ሲጀመር ጎረቤትና ጎረቤት አብሮ መጾሙን ታስታውሳላችሁ። በኔፓል ያየነው ከዚህ በጣም የራቀ አልነበረም።

ከወንዙ ማዶ

የካቲት 19 ቀን ሺቫራትሪ ነበር። ጠዋት ከመንደሩ ስንወጣ ልጆች መንገዱን በገመድ ዘግተው ሳንቲም ካልሰጣችሁን አናሳልፍም አሉ። ለማታው እሳት የእንጨት መግዣ ነው። ሆያ ሆዬ ሲጨፈር ላደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

በካትማንዱ ፓሹፓቲናት የተባለው ትልቅ ቤተ መቅደስ ዘንድ ከሕንድ ጭምር የመጡ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ወደ ዋናው ቤተ መቅደስ የሚገባው ሂንዱ ብቻ ነው። ለእኛ ይህ እፎይታ ነበር፤ ድንበሩ ግልጽ ነው፣ ማንም አልተቀየመም። ከባግማቲ ወንዝ ማዶ ቆመን አየን።

ወንዙ ዳር ግን በዓል ያልሆነ ነገርም ነበር፤ የሞቱ ሰዎች አስከሬን በእንጨት ላይ ይቃጠላል። ፀጉሩን የተላጨ፣ ነጭ የለበሰ ወጣት አባቱን ሲሸኝ አየን። ሐዘኑ 13 ቀን ይቆያል አሉን። አጥቦና ከፍኖ፣ ሰግዶ ወደ አፈር መመለስን ለምናውቅ ለእኛ ማየቱ ከባድ ነበር። በተመለስንበት አውቶቡስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። በኋላ ነርሷ ባልደረባችን «የልጁ ፊት ግን የኛ ሰው ፊት ነው» አለች። ሥርዓቱ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል፤ አባት የሞተበት ልጅ ፊት ግን አንድ ነው።

ዲዲ እና ጾማችን

ያረፍንበት ቤት እመቤት ሂንዱ ናቸው። ሁሉም ሰው «ዲዲ» ይላቸዋል፤ እኛ እትዬ እንደምንለው ታላቅ እህት ማለት ነው። ረመዷን ከመግባቱ በፊት አንድ ማታ ቁጭ ብለን ነገርናቸው፦ ለአንድ ወር ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ አንበላም፣ ውሃም አንጠጣም፤ በሐላል ያልታረደ ሥጋ አንበላም፤ ለአማልክት የቀረበ ምግብም አንቀምስም። ይህን የመጨረሻውን ስንናገር ፈርተን ነበር። በበዓል ቀን ከመሥዋዕቱ የተረፈውን «ፕራሳድ» ብሎ ለእንግዳ ማቅረብ ትልቅ አክብሮት ነውና።

ዲዲ የጠየቁን ስለ ውሃው ብቻ ነው። «ጠብታ እንኳ?» አሉ። ቀጥለውም ቲጅ በሚባለው የሴቶች በዓል ራሳቸው ውሃ ሳይጠጡ ውለው እንደሚያድሩ ነገሩን። ጾምን የሚያውቅ ሰው ጾመኛን ለመረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም። ከዚያ ማታ ጀምሮ ለሱሑር የሚሆን ሩዝና ምስር፣ ትኩስ ውሃም በፔርሙዝ ከበራችን አጠገብ ተቀምጦ ያድር ነበር። ሥጋውን ወሩን ሙሉ ተውነው፤ ምስር፣ ጎመንና እንቁላል በቂያችን ነበር።

ሌላ ጥያቄ ያመጣው ቂብላችን ነው። ከአዲስ አበባ መካ ወደ ሰሜን ነው። ከካትማንዱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ መግሪብ ስንሰግድ ፊታችን ፀሐይ ወደጠለቀችበት ነበር። ዲዲ ለቀናት ካዩን በኋላ «የምትሰግዱት ለፀሐይ ነው?» አሉን። እኛ አገር ቤት ስንሆን ወደ ሰሜን፣ ሌላ አገር ያለ ሙስሊም ወደ ደቡብ እንደሚዞር፣ ሁሉም ወደ አንድ ቤት እንደሚመለከት፣ የሚሰገደው ግን ለቤቱም ለፀሐይም ሳይሆን ለፈጠራቸው አላህ እንደሆነ አስረዳናቸው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰግድ የቂብላን ትርጉም በአንድ ትንፋሽ አስረዱ ያለን ሰው ኖሮ አያውቅም። ለሌላ ስናስረዳ ለራሳችንም ጠራልን።

ካትማንዱ ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትቀድማለች። እኛ በቴምር ስናፈጥር እናቶቻችን ገና አስር አልሰገዱም። ስልክ ደውለን «አፈጠርን» ስንላቸው የሚስቁት ሳቅ ለእኛ እንደ ሾርባ ነበር።

የቀለም ቀን

መጋቢት 4 ቀን ሆሊ ሆነ። በዚህ ቀን በኮረብታው አካባቢ ያለ ሕዝብ በሙሉ በቀለም ዱቄትና በውሃ ይረጫጫል፤ ትልቅ ትንሽ የለም። ሜዳማው የደቡብ ክፍል የሚያከብረው በማግስቱ ነው።

ሳንደብቅ እንናገር፤ ሦስታችን በዚህ ቀን ጉዳይ አልተስማማንም። አንዱ በራችንን ዘግተን እንዋል አለ። ሌላው ልጆቹን ዓመቱን ሙሉ እያስተማርን ዛሬ ብንሸሻቸው ምን ይሉናል አለ። አገር ቤት ላሉ ኡስታዛችን ደወልን። መልሳቸው አጭር ነበር፦ አምልኮው የእነሱ ነው፣ አትካፈሉ፤ ጉርብትናው ግን የእናንተም ግዴታ ነው፣ አታጓድሉ።

ስለዚህ ወደ ሥርዓቱ ቦታ አልሄድንም፤ ግንባር ላይ የሚደረገውን ቀይ ምልክትም እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን በትሕትና ተውነው። ደጃችን ላይ ግን ቆምን። ቀለም ይዘው የመጡትን ተማሪዎች ዲዲ ከበሩ ላይ «ብራታ ላይ ናቸው» አሏቸው፤ ጾም ላይ ናቸው ማለት ነው። ልጆቹ ተመካከሩና አንድ መፍትሔ አገኙ፤ ቀለሙን ጫማችን ላይ ብቻ ነሰነሱት። ያ ጫማ እስከ ዛሬ ሮዝ ነው።

ማታ ምስር ሞልተን ሳምቡሳ ጠበስን፤ ለየቤቱም አደረስን። ሳምቡሳ ለኔፓሎች አዲስ አይደለም፤ እነሱ ሳሞሳ ይሉታል። የእኛ ቀጭን ሊጥና ቃሪያ ግን አነጋገራቸው። ሳህኖቹ በማግስቱ ባዶ አልተመለሱም፤ ሴል ሮቲ በሚባል እንደ ቀለበት በተጠበሰ የሩዝ ዳቦ ተሞልተው መጡ። ባዶ ሳህን መመለስ ነውር የሆነው እኛ ሰፈር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከመስጂዱ አጠገብ

በኔፓል ሙስሊሞች አሉ? ብለው የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። በ2021 የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከመቶ አምስት ያህሉ ሙስሊም ነው። አብዛኞቹ ከሕንድ በሚዋሰነው ሜዳማ ክፍል ይኖራሉ። በካትማንዱ መሃል ደግሞ ሁለት የታወቁ መስጂዶች አሉ፤ አንደኛው ከጥንት ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ከካሽሚር በመጡ ነጋዴዎች ስም ይጠራል።

በኔፓል የሳምንቱ ዕረፍት ያኔ ቅዳሜ ነበር። ስለዚህ አርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ወደ ከተማ ወርደን ከሰው ጋር እናፈጥር ነበር። መንደር ውስጥ ተራዊሕን ሦስት ሆነን በአንዲት ክፍል ለሰገድን ሰዎች፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው «አሚን» ሲል መስማት እንባ ያመጣል። ቋንቋቸውን አናውቅም፤ ቁርኣኑ ግን ያው ነው። ነርሷ ባልደረባችን በአቅራቢያው ባለ ቤት ከሴቶች ጋር ታፈጥራለች፤ የአንድ ቤተሰብ አያት ስሟን መጥራት ቢያቅታቸው «የሐበሻ ልጅ» እያሉ ቢላልን እያነሱ ያጎርሷት ነበር።

መጋቢት 20 ቀን፣ ከመስጂዱ ብዙ በማይርቀው በቱንዲኬል ሜዳ የፈረስ በዓሉ ተከበረ። በአፈ ታሪካቸው ከሜዳው ሥር ክፉ ጋኔን ተቀብሯል፤ እንዳይነሳም ፈረሶች በየዓመቱ ይጋልቡበታል። ዛሬ የአገሪቱ ሠራዊት የፈረስ ትርዒት ያሳይበታል። ከተማው ፈረስ ለማየት ሲጎርፍ በመስጂዱ ዙሪያ ያለው ሰው የኢድ ልብስ፣ ቴምርና ወተት ይሸምት ነበር። ሁለቱ ሕዝብ በአንድ መንገድ ላይ እየተጋፋ፣ ይቅርታ እየተባባለ ያልፋል።

አገር ቤት ኢድ መጋቢት 21 ሲሆን እኛ ገና ጾመኛ ነበርን፤ የሰገድነው በማግስቱ ነው። ዲዲ በዚያ ቀን አዲስ ልብስ ለብሰው ጠበቁን። ለበዓላቸው እኛ ደጅ ላይ ቆመን ነበር፤ ለበዓላችን እሳቸው ደጅ ላይ ቆሙ።

የእንግዳው ወገን

እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የመጀመሪያውን ሒጅራ ስናወራ ሁልጊዜ ከአስተናጋጁ ወገን ሆነን ነው። ነጃሺ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች እንዴት እንደተቀበለ እንናገራለን፤ በዚያም እንኮራለን። በኔፓል ግን ቦታችን የእንግዶቹ ሆነ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በማያውቀው ንጉሥ ፊት ቆሞ እምነቱን ሳይሸፋፍን፣ አስተናጋጁንም ሳያዋርድ የተናገረበት ያ ድፍረት ምን ያህል እንደሚከብድ የገባን ያኔ ነው። ከእሱ የተማርነው እንግዳ እውነቱን ቀድሞ በለሰለሰ ቃል ከተናገረ ከአስተናጋጁ ክብር እንደሚያገኝ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ ለትምህርት፣ ለሥራም ሆነ ለበጎ ፈቃድ ወደ ሌላ እምነት አገር የሚሄድ ከሆነ ከሻንጣው ጋር ይህን አስይዙት። ቴምርና የረመዷን የሰዓት ሰሌዳ ይያዝ። የማይበላውንና የማያደርገውን በዓል ሳይደርስ ለአስተናጋጆቹ ይንገር፤ ድግስ ላይ የሚነገር እምቢታ ያስቀይማል፣ ቀድሞ የተነገረ ግን ያስከብራል። የአገሩን ቋንቋ ሲማር «ጾም» እና «ሥጋ» የሚሉትን ቃላት መጀመሪያ ይማር። ግራ ሲገባው የሚደውልለት ዓሊም ይኑረው። ዋናው ግን ስለ ሃይማኖቱ ቢጠየቅ የሚመልሰው እንዲኖረው ከቤት ጀምራችሁ ለምን እንደምንጾም፣ ለምን ወደ ቂብላ እንደምንዞር አስረዱት። ልማድ ብቻ የያዘ ልጅ ሩቅ አገር ሲጠየቅ ይደነግጣል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳል።

አላህ (ሱ.ወ) በሩቅ ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የሚያስፈጥራቸው ደግ ጎረቤት አያሳጣቸው። እናንተም ሰፈራችሁ ውስጥ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ካለ ዛሬ ማታ ለኢፍጣር ጥሩት። ረመዷን ሙባረክ!