ኮምፒዩተርና የማደንዘዣ ሕክምና ትምህርት፤ ሁኔታን አስመስሎ በማስተማር ረገድ የተገኘ ልምድ

መግቢያ

ማንኛውም የእጅ ሙያ የሚለመደው በመሥራት ነው። አናጢ በእንጨት፣ ሸማኔ በድር ይለማመዳል፤ ቢሳሳት የሚበላሸው እንጨቱ ወይም ድሩ ነው። ሕመምተኛን ለቀዶ ሕክምና የሚያደነዝዝ ባለሙያ ግን የሚለማመደው በሕያው ሰው ላይ ነው። ሕመምተኛው ራሱን ስቶ፣ ብዙ ጊዜም ጡንቻው ዝሎ በራሱ መተንፈስ ስለማይችል ሕይወቱ በባለሙያው እጅ ናት። ይህም ከትምህርት አሰጣጥ አኳያ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ጀማሪው ሳይሠራ አይማርም፤ ሳይማር እንዲሠራ መፍቀድ ደግሞ አደገኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1846 በቦስተን ከተማ ኤተር ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣነት በይፋ ከታየ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ጀማሪውን ከነባሩ ባለሙያ ጎን አቁሞ ማስተማር ነበር። ዘዴው ዛሬም አስፈላጊ ቢሆንም ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ ተማሪው የሚማረው በዕለቱ የመጣውን እንጂ ሊማር የሚገባውን አይደለም። ሁለተኛ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ነባሩ ባለሙያ ሥራውን ስለሚረከብ ተማሪው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በጣም ሊለማመደው የሚገባውን ነገር ሳይለማመድ ይመረቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኮምፒዩተር አማካይነት ሁኔታን አስመስሎ ማቅረብ፣ ማለትም ሲሙሌሽን፣ ይህን ችግር ለማቃለል እንዴት እንደረዳ መግለጽና ለሌላው የትምህርት መስክ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ሀ. አጀማመሩ

ሲሙሌሽን በመጀመሪያ የታወቀው በአቪዬሽን ነው። ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1929 ከመሬት ሳይነሣ የአውሮፕላንን እንቅስቃሴ የሚያስመስል መሣሪያ ሠርቶ አብራሪዎች እንዲለማመዱበት አደረገ። በሕክምናው በኩል ኮምፒዩተር የሚቆጣጠረው የመጀመሪያው የሰው አምሳያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለስ ከተማ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ነው። ለመምህራን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ የሥራው አንደኛ መሪ ስቲቨን አብራሃምሰን ሐኪም ሳይሆኑ የትምህርት ሊቅ መሆናቸው ነው። የማደንዘዣ ሐኪሙ ጃድሰን ዴንሰን የሙያውን ዕውቀት፣ ኤሮጄት ጄኔራል የተባለው ኩባንያ ደግሞ የምሕንድስናውን ሥራ አበርክተዋል።

ሲም ዋን የተባለው ይህ አምሳያ ደረቱ በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይል፣ ልቡ ይመታ፣ ዓይኑን ያርገበግብ፣ አፉን ይከፍትና ይዘጋ ነበር። በደም ሥር ለሚሰጡ አራት መድኃኒቶች እንዲሁም ለኦክስጂንና ለናይትረስ ኦክሳይድ ምላሽ ይሰጥ ነበር። ዋና ተግባሩም በሕመምተኛው የአየር ቧንቧ ውስጥ ቱቦ የማስገባትን ሙያ ማስተማር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው ጥናት አሥር ሠልጣኝ ሐኪሞችን በሁለት ቡድን ከፍሎ፣ አምስቱ በአምሳያው እንዲለማመዱ፣ አምስቱ በተለመደው መንገድ እንዲማሩ አድርጎ አነጻጸረ። በአምሳያው የተለማመዱት በጥቂት ቀናትና በሕመምተኛ ላይ በተደረገ ጥቂት ሙከራ ከተፈላጊው ችሎታ ደረሱ። የተጠኚዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ ውጤቱ በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ጥያቄው በትክክል ቀርቧል፤ መለኪያው የመሣሪያው ድንቅነት ሳይሆን በሕመምተኛው ላይ የሚቀንሰው አደጋ ነበር። ያም ሆኖ ዋጋው ከፍተኛ በመሆኑና ሌሎች ትምህርት ቤቶች ስላልተከተሉት ሲም ዋን ከአንድ በላይ አልተሠራም።

ለ. ኮምፒዩተሩ የሚያከናውነው ሥራ

ብዙ ሰው እንደሚገምተው ኮምፒዩተሩ የሕክምና ዕውቀት የለውም። የሚያደርገው ስለ ሰው አካል የታወቁትን ግንኙነቶች በቁጥር ወስዶ በየሰኮንዱ ማስላት ነው። የሚከተለው ምሳሌ በማንኛውም ክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊሠራ የሚችል ነው።

የአንድ ጎልማሳ ሳምባ ከተራ ትንፋሽ በኋላ 2,500 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ይይዛል። አካሉ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጂን ይጠቀማል። ሰውየው የተነፈሰው ተራ አየር ከሆነ 21 ከመቶው ብቻ ኦክስጂን ስለሆነ በሳምባው ያለው 525 ሚሊ ሊትር ነው፤ ትንፋሹ ቢቋረጥ ይህ ለ2 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃል። ከመደንዘዙ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጂን ቢተነፍስና የሳምባው አየር 90 ከመቶ ያህሉ ኦክስጂን ቢሆን ግን 2,250 ሚሊ ሊትር ስለሚጠራቀም ጊዜው ወደ 9 ደቂቃ ይደርሳል። ባለሙያው ቱቦውን ለማስገባት ቢቸገር ሕመምተኛውን የሚያድነው ይህ ልዩነት ነው። በታመመ፣ በጣም በወፈረ ወይም በሕፃን ላይ ጊዜው እጅግ ያጥራል። ኮምፒዩተሩ የሳምባውን መጠንና የኦክስጂኑን ፍጆታ እየለወጠ ይህን ሁሉ ለተማሪው ያሳያል።

የሚተነፈሱ የማደንዘዣ መድኃኒቶች በአካል ውስጥ የሚሰራጩበት ሁኔታም እንዲሁ በሞዴል ይገለጣል። በሳምባ ከተመሰለ አንድ የውኃ ዕቃ ጋር በቧንቧ የተያያዙ ሦስት ማሰሮዎች ይታሰቡ። የውኃው ከፍታ የመድኃኒቱን ግፊት፣ የቧንቧው ስፋት የደሙን ፍሰት፣ የማሰሮው ስፋት አካሉ መድኃኒቱን የመያዝ አቅሙን ያመለክታል። አንጎል፣ ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት የሚገኙበት ክፍል ከአካሉ ክብደት 10 ከመቶ ያህል ቢሆንም ልብ ከሚረጨው ደም 75 ከመቶ ያህሉን ይቀበላል፤ ስለዚህ ፈጥኖ ይሞላል። ጡንቻ ዘግይቶ ይሞላል። ስብ ቧንቧው ቀጭን፣ ማሰሮው ሰፊ ስለሆነ ከብዙ ሰዓት በኋላም አይሞላም። መድኃኒቱ ሲቆም የተጠራቀመው ወደ ደም ስለሚመለስ፣ ረጅም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ዘግይቶ የሚነቃበት ምክንያት ከዚሁ ይረዳል። በካርዲፍ ከተማ ዊልያም ሜፕልሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ይህንኑ አሳብ በኤሌክትሪክ ዑደት ገልጸውታል። በ1980ዎቹም በቦስተን ዶክተር ጄምስ ፊሊፕ ጋዝ ማን በተባለው ፕሮግራም በኮምፒዩተር መስተዋት ላይ እንዲታይ አድርገዋል።

ሐ. ለምርምር የሚሰጠው ጥቅም

በምርምር ረገድ ትልቁ ችግር አንድ ዓይነት አደጋ በሁለት ሕመምተኞች ላይ በተመሳሳይ ሁኔታ የማይደርስ መሆኑ ነው፤ ሆን ብሎ ማድረስም ወንጀል ነው። በሲሙሌሽን ግን ለሃያ ባለሙያዎች አንዱን ችግር በአንድ መልክ አቅርቦ ማን መቼ እንዳስተዋለውና ምን እንዳደረገ መመዝገብ ይቻላል። ለምሳሌ በአንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒቶች ምክንያት የሰውነት ሙቀት በድንገት የሚጨምርበት ገዳይ ሕመም እጅግ ብርቅ በመሆኑ ብዙ ባለሙያ በዕድሜው አያጋጥመውም፤ ካጋጠመው ግን የሚያስብበት ጊዜ የለውም።

የዚህ ጥናት አስፈላጊነት ጎልቶ የታየው ጄፍሪ ኩፐርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ሊወገዱ ይችሉ ከነበሩት የማደንዘዣ ስሕተቶች 82 ከመቶው የሰው ስሕተት ያለባቸው ሲሆኑ የመሣሪያ ብልሽት 14 ከመቶ ብቻ ነበር። ከዚህም ችግሩ ዕውቀትን ከማብዛት ይልቅ ዕውቀትን በጊዜው መጠቀምን ማስተማር እንደሆነ ተገነዘቡ።

መ. ከልምምድ በኋላ የሚደረግ ውይይት

በስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ዶክተር ዴቪድ ጋባና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሙሉ የቀዶ ሕክምና ክፍልን የሚያስመስል ዝግጅት አቋቋሙ። ቀጥሎም ከአቪዬሽን ሥልጠና ተምረው ባለሙያዎች በአደጋ ጊዜ እንዴት እርዳታ እንደሚጠሩ፣ ሥራን እንደሚከፋፈሉና እርስ በርስ እንደሚነጋገሩ የሚያስተምር ኮርስ አዘጋጁ። በዚያው ጊዜ ገደማ በፍሎሪዳ ዩኒቨርስቲም ሌላ አምሳያ ተሠራ።

በዚህ ኮርስ ከልምምዱ ቀጥሎ ረዘም ያለ ውይይት ይደረጋል። ሠልጣኞቹ ሥራቸው የተቀዳበትን ፊልም ተመልክተው ምን እንዳዩ፣ ምን እንዳሰቡና ለምን እንደዘገዩ ያስረዳሉ። መምህሩ አይፈርድም፤ ይጠይቃል። መሠረታዊው ትምህርት የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው። ውይይት የሌለው ልምምድ ስሕተትን ከማስታረም ይልቅ ሊያጸና ይችላል።

ሠ. ገደቦቹ

አንደኛ፣ ሞዴል ከገቡበት ግምቶች አይበልጥም። ሐኪሞች ያላወቁትን ኮምፒዩተሩ አያውቅም። ሁለተኛ፣ አምሳያው የማያሳየውን ምልክት፣ እንደ ቆዳ መገርጣትና ላብ ያለውን፣ ተማሪው መመልከት ሊተው ይችላል። ሦስተኛ፣ ሠልጣኙ አደጋ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ከተለመደው ይበልጥ ይነቃል፤ በእውነተኛው ሥራ ግን አደጋ የሚመጣው በመሰልቸት ሰዓት ነው። አራተኛ፣ ሙሉ አምሳያ ከግዢው ሌላ ጠጋኝ፣ መለዋወጫና የሠለጠነ መምህር ይፈልጋል።

ረ. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ይህ አሠራር ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ባዕድ አይደለም። በዚያው በስታንፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የዳበረው ማይክሮ ቲቺንግ፣ ዕጩ መምህሩ በጥቂት ተማሪዎች ፊት አጭር ትምህርት ሰጥቶ ከታረመ በኋላ ደግሞ የሚያስተምርበት ዘዴ፣ መሠረቱ አንድ ነው። በሁለቱም ዘንድ ስሕተቱ ሕመምተኛን ወይም ተማሪን በማይጎዳበት ቦታ ይፈጸማል፣ ይመረመራል፣ ይደገማል።

ስለዚህ ማንኛውም ኮሌጅ የሲሙሌሽን መሣሪያ ለማግኘት ከማሰቡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል። ተማሪው በእውነተኛው ሥራ ላይ ቢሳሳት ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርስበት ተግባር የትኛው ነው? ያን ተግባር ለማስተማር የሚበቃው ቀላሉ ዘዴ ምንድን ነው? ከልምምዱ በኋላ ውይይቱን የሚመራው ማን ነው? የሳምባውን ስሌት ለማስተማር ጥቁር ሰሌዳ፣ የመድኃኒቱን ሥርጭት ለማሳየት አንድ ተራ ኮምፒዩተር፣ የቡድን ሥራን ለማለማመድ ደግሞ ባዶ ክፍልና በሚገባ የታሰበ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ግን የተገዛው መሣሪያ ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን በተቆለፈ ክፍል ውስጥ አቧራ ከመጠጣት አይድንም። በመሆኑም የበጀቱ የመጀመሪያ ድርሻ ለመምህሩ ዝግጅት ሊውል ይገባል።