ያውቁ ኖሯል? የሆኪ ሰዓት በማን ጣት ይቆማል?

በረዶ ላይ የሚደረገውን ሆኪ በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚሄደው ወደ ተጫዋቾቹ ነው፤ ካልሆነም ወደ ቡጢው። ከሁለቱ የቅጣት ሳጥኖች መሀል፣ ከመስታወቱ ጀርባ ጃኬት ደርበው የተቀመጡትን ሰዎች ልብ የሚላቸው የለም። የዛሬው አምድ የእነሱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ይያዙልን።

ያውቁ ኖሯል? የሆኪ ጨዋታ 60 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ጊዜ 20። ሰዓቱ ግን እንደ እግር ኳስ ዝም ብሎ አይነጉድም። ዳኛው ፊሽካ በነፋ ቁጥር ይቆማል፤ ፓክ የምትባለዋን ጠፍጣፋ ጎማ በሁለት ተጫዋቾች መካከል ሲጥላት እንደገና ይነሳል። ስለዚህ የባከነ ደቂቃ የሚባል ነገር የለም። አራተኛው ዳኛ ቁጥር ያለበትን ሰሌዳ ከፍ ሲያደርግ የሚነሳው እሪታም እዚያ አይሰማም። ሁሉም ነገር ሰሌዳው ላይ ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ በአንድ ሰው ጣት ሥር ነው።

ያውቁ ኖሯል? በሰሜን አሜሪካ ሰዓቱ ከ20:00 ወደ ዜሮ ይወርዳል። በጨዋታው መዝገብ ላይ ግን ጎል የሚጻፈው ባለፈው ጊዜ እንጂ በቀረው አይደለም። ሰሌዳው 13:47 ሲል ጎል ከገባ መዝጋቢው 6:13 ብሎ ይጽፋል። ይህን መቀነስ በሕዝብ ጩኸት መሀል፣ ብርድ በያዘው እጅ፣ ደጋግሞ ማድረግ ነው እንግዲህ! በስዊድን ሊግ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰዓቱ ከዜሮ ወደ ላይ ይቆጥራል። ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ሁለቱንም ያውቃል። የትኛውን እንደሚፈልጉ መንገር የሰዓት ያዡ ፈንታ ነው፤ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት።

ይህንንስ? የመጨረሻዋ ደቂቃ ስትደርስ በሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ በኤን.ኤች.ኤል. ሜዳዎች ሰሌዳው የሴኮንድ አሥረኛዎችን ማሳየት ይጀምራል። የሰው ልጅ ድምፅ ሰምቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ ወደ ሁለት አሥረኛ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። እንግዲህ ሰሌዳው ከሚቆጣጠረው ሰው ይልቅ ጠንቃቃ ነው ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ሰዓት ያዦች ይህን ስለሚያውቁ ሰሌዳውን አያዩም። ዓይናቸው በረዶው ላይ፣ በዳኛው ክንድና ፊሽካ በያዘው እጅ ላይ ነው። ለዚህም ነው ብዙ መቆጣጠሪያዎች በሽቦ የተያያዘ፣ በመዳፍ የሚያዝ ማስነሻና ማቆሚያ ያላቸው። አውራ ጣት ቁልፉን ሳያይ ያገኘዋል።

አሁን ወደ መቆጣጠሪያው ሳጥን ራሱ እንቅረብ። ያውቁ ኖሯል? በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና የከተማ ሜዳዎች የሚገኘው ኦል ስፖርት 5000 የተባለው መቆጣጠሪያ ለሆኪ ብቻ የተሠራ አይደለም። ቅርጫት ኳሱንም፣ ትግሉንም፣ መረብ ኳሱንም የሚያጫውተው እሱው ነው። ቁልፎቹ አይለወጡም፤ የሚለወጠው በላያቸው የሚገባው የታተመ ወረቀት ነው። የሆኪው ወረቀት ሲገባ አንዱ ቁልፍ "ቅጣት" ይሆናል፣ ሌላው "ወደ ጎል የተመታ"። ማታ ቅርጫት ኳስ ያጫወተ ሰው ወረቀቱን ሳያወጣ ከሄደ ጠዋት የሚመጣው ሰዓት ያዥ ሥራ የሚጀምረው ግራ በመጋባት ነው። ወረቀቱ ላይ ትንሽ የኮድ ቁጥር አለች፤ እሷን ለሳጥኑ ሳይነግሩ ወረቀቱን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም።

አምራቹ ዳክትሮኒክስ ይባላል። የመሠረቱት በ1968 በሳውዝ ዳኮታ፣ ብሩኪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ ኤልረድ ከርተንባክና ዱዌን ሳንደር። መጀመሪያ የሠሩት ግን የስፖርት ሰሌዳ አልነበረም። የዩታ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት አባላት ድምፅ ሲሰጡ ውጤቱን የሚያሳይ መሣሪያ ነበር። ከዚያ የትግል ሰሌዳ መጣ፣ ከዚያም በ1980 የሌክ ፕላሲድ የክረምት ኦሊምፒክ ሰሌዳዎች።

ሌክ ፕላሲድን ካነሳን ዘንድ። ያውቁ ኖሯል? በዚያው ኦሊምፒክ፣ የካቲት ወር በ22ኛው ቀን፣ የአሜሪካ ተማሪዎች ቡድን ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 ያሸነፈበት ጨዋታ የተቀየረው በአንዲት ሴኮንድ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊያበቃ ሲል ሶቪየቶች 2 ለ 1 ይመሩ ነበር። ዴቭ ክርስቲያን ከሩቅ መታ፤ የዓለም አንደኛ የሚባለው በረኛ ትሬትያክ መለሰ፤ ማርክ ጆንሰን ግን በሁለት ተከላካዮች መሀል ሾልኮ የተመለሰችውን ጎል ውስጥ ከተታት። ሰሌዳው ላይ 1 ሴኮንድ ቀርቷል። ሶቪየቶቹ አልቋል ብለው ወደ መልበሻ ክፍላቸው ገብተዋል። ጎሉ ጸደቀ፤ ያቺን አንዲት ሴኮንድ ለመጨረስ ሦስት የሜዳ ተጫዋቾች ብቻ ተመልሰው ወጡ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ትሬትያክ በቦታው አልነበረም፤ አሠልጣኙ ቀይሮታል። ሰዓት ያዡ ያን ጊዜ አንድ ሴኮንድ ቢዘገይ ኖሮ የአሜሪካ የስፖርት ታሪክ ሌላ ምዕራፍ ይኖረው ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ከጎሉ በስተጀርባ ሁለት መብራት አለ፤ ቀይና አረንጓዴ። ቀዩ ጎል ሲገባ ይበራል። አረንጓዴው ከሰዓቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ክፍለ ጊዜው ዜሮ ሲሞላ በራሱ ይበራል። አረንጓዴው ከበራ በኋላ ቀዩ አይበራም፤ ኤሌክትሪኩ ራሱ ይከለክለዋል። "ጡሩምባው ሳይነፋ ገብታለች" የሚል ክርክር ሲነሳ ዳኞች መጀመሪያ የሚጠይቁት የትኛው መብራት እንደበራ ነው። ቀላል ሽቦ፣ ትልቅ ብልሃት።

አሁን ወደ እውነተኛው የራስ ምታት እንግባ፤ ወደ ቅጣት። በእግር ኳስ ቀይ ካርድ ያየ ይወጣል፣ ነገሩ ያበቃል። በሆኪ ግን የተቀጣው ሰው የራሱ ሰዓት ይሰጠዋል። ቀላሉ 2 ደቂቃ፣ ከባዱ 5፣ የሥነ ምግባሩ 10። ዳኛው ወደ ጠረጴዛው ተንሸራቶ ይመጣና የተጫዋቹን ቁጥርና ጥፋቱን ይናገራል። ሰዓት ያዡ የቡድኑን ቁልፍ፣ የተጫዋቹን ቁጥር፣ ደቂቃውን ያስገባል፤ ያረጋግጣል። ይህ ሁሉ ፓኳ እንደገና ከመጣሏ በፊት ማለቅ አለበት። የቅጣቱ ሰዓት ከዋናው ሰዓት ጋር አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይቆማል።

እስኪ ይህንን ይሞክሩት። የባለሜዳው ቡድን ሁለት ተጫዋቾች ተቀጥተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ 0:40፣ ሌላው 1:25 ቀርቶታል። ሦስተኛው ተቀጣ። የሦስተኛው ሰዓት መቼ ይጀምራል? መልሱ አሁን አይደለም ነው። አንድ ቡድን ከበረኛው ውጪ ከሦስት ሰው በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ሦስተኛው ሳጥኑ ውስጥ ይገባል እንጂ ሰዓቱ የሚነሳው የመጀመሪያው 0:40 ሲያልቅ ነው። ብዙ ሰሌዳዎች ለአንድ ቡድን የሚያሳዩት ሁለት ቅጣት ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሦስተኛው ወረፋ ይጠብቃል። ተጋጣሚው ጎል ካገባ ደግሞ ከቀላል ቅጣቶቹ መካከል ትንሽ ጊዜ የቀረው ይሰረዝና ተጫዋቹ ነፃ ይወጣል። ባለ 5 ደቂቃው ግን ስንት ጎል ቢገባ አይነቃነቅም። ባለ 10 ደቂቃው ደግሞ ሰሌዳው ላይ ጭራሽ አይወጣም፤ በቦታው ሌላ ሰው ስለሚገባ ቡድኑ አይጎድልም። ሁለት ተፋላሚዎች እኩል ባለ 5 ደቂቃ ቢቀጡም እንዲሁ። ተመልካቹ "ሰሌዳው ተበላሸ!" እያለ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ሰሌዳው ልክ በሆነበት ሰዓት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ጎል ሲገባ ቀላል ቅጣት የሚሰረዘው ከ1956 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተቀጣ ሰው ምን ቢሆን 2 ደቂቃውን ሙሉ ይቀመጥ ነበር። ይህን ያስቀየሩት የሞንትሪያል ካናዲያንስ ናቸው። በኅዳር 1955 ከቦስተን ጋር ሲጫወቱ ዣን ቤሊቮ በአንድ የሰው ብልጫ ጊዜ ውስጥ፣ በ44 ሴኮንድ፣ ሦስት ጎል አስቆጠረ። ሊጉ በተከታዩ ክረምት ሕጉን ቀየረ። ሞንትሪያሎች ግን ምን ተዳቸው! ከ1956 እስከ 1960 በተከታታይ አምስት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሱ።

ሦስት ጎል ካልንማ ፈጣኑ የእሱ አይደለም። መጋቢት 1952 በኒው ዮርክ፣ የቺካጎው ቢል ሞሲየንኮ ሦስት ጎል ያገባው በ21 ሴኮንድ ነው፤ 6:09፣ 6:20፣ 6:30። የመጀመሪያውን ጎል ገና ሲጽፍ ሦስተኛው የገባበትን መዝጋቢ ያስቡት።

ያውቁ ኖሯል? ድሮ ድሮ ሰሌዳው ቁጥር አልነበረውም፤ መርፌ ነበረው። በቺካጎ ስታዲየም ከጣሪያው የተንጠለጠለው ባለ አራት ፊት ሰዓት እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ እንደ ግድግዳ ሰዓት በመርፌ ይሠራ ነበር። የቀረውን ሴኮንድ ከላይኛው መቀመጫ ሆኖ በትክክል ለማንበብ የንስር ዓይን ያስፈልግ ነበር።

ዛሬ እያንዳንዱ አሃዝ ሰባት በትር ነው። 8 ሁሉንም ያበራል፣ 1 ሁለቱን ብቻ። አዋቂ ሰዓት ያዥ ከጨዋታ በፊት ሰሌዳውን በሙሉ 8 የሚያደርገው የተቃጠለ በትር ካለ በአንድ እይታ ለመለየት ነው። የመሀሉ በትር የሞተበት 8 እኮ 0 ነው፤ 18:00 ቀርቶ ሰሌዳው 10:00 ቢል ማን ያምናል ማን ይክዳል?

ሰሌዳ ይዋሻል ወይ? አንዴ ዋሽቷል ተብሏል። የካቲት 1 ቀን 2012፣ ሎስ አንጀለስ። የባለሜዳዎቹ ኪንግስና የኮሎምበስ ቡድን 2 ለ 2 ናቸው። ድሩ ዳውቲ 0.4 ሴኮንድ ሲቀር ጎል አገባ፤ 3 ለ 2። በኋላ ቪዲዮው ሲመረመር ሰዓቱ 1.8 ላይ ደርሶ ከአንድ ሴኮንድ በላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደነበር ታየ። ያ ባይሆን ጎሉ ከጊዜ ውጪ ነበር። ሊጉ መረመረ፣ የባለሜዳው ቡድን ሥራ አስኪያጅ ስለ ሰዓቱ ኤሌክትሪክ ማብራሪያ ሰጠ፣ ውጤቱ ግን አልተሻረም። ኪንግስ በዚያው ዓመት ከምድባቸው ስምንተኛ፣ ማለትም የመጨረሻዋን ቦታ ይዘው ወደ ጥሎ ማለፉ ገቡና ዋንጫውን በሉ። ያቺ ጎል ናት ያስበላቻቸው አንልም። የኮሎምበስ ሰዎች ምን እንደሚሉ ግን መገመት ይቻላል።

ሰሌዳ ይወድቃል ወይ? አዎ፣ ወድቋል። ኅዳር 1996 በባፋሎ ከተማ፣ ገና በተከፈተው አዲስ አዳራሽ፣ ግዙፉ ሰሌዳ ከጣሪያው ወርዶ በረዶው ላይ ተከሰከሰ። ተጫዋቾቹ የጠዋት ልምምዳቸውን ጨርሰው ወጥተው ስለነበር የተጎዳ ሰው አልነበረም። የዚያ ምሽት ጨዋታ ወደ ሌላ ቀን ተላለፈ።

ፈጠን ፈጠን እንበል። ፓኳ የጎሉን ብረት መትታ ብትመለስ "ወደ ጎል የተመታ" ተብላ አትቆጠርም፤ ቁልፉን ለመጫን የቸኮለ ጣት ቁጥሩን መልሶ ይቀንሳል። ቡድን በጨዋታ የሚሰጠው እረፍት አንድ ብቻ ነው፣ 30 ሴኮንድ። ከ2015 ጀምሮ በኤን.ኤች.ኤል. መደበኛ ጨዋታ ጭማሪው ሰዓት ሦስት ለሦስት ነው፤ በዚያ ጊዜ አንድ ሰው ቢቀጣ ቡድኑ አይቀነስም፣ ለተጋጣሚው አንድ ሰው ይጨመርለታል እንጂ። ሰሌዳው ላይ የሚታየው ቅጣት ያው ነው፤ ሜዳው ላይ ያለው ቁጥር ግን ሌላ ነው።

በጥሎ ማለፍ ደግሞ ጎል እስኪገባ ድረስ 20 ደቂቃ በ20 ደቂቃ ላይ ይጨመራል። በ1936 ሞንትሪያል ላይ ዲትሮይት ማሩንስን 1 ለ 0 ያሸነፈው በስድስተኛው ጭማሪ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ጠቅላላ 176 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ። ያ በኤን.ኤች.ኤል. እስከ ዛሬ አልተሰበረም። በ2017 ግን በኖርዌይ ስቶርሃማርና ስፓርታ 217 ደቂቃ ከ14 ሴኮንድ ተጫወቱ፤ ስምንት ጭማሪ። ስለ ተጫዋቾቹ ጽናት ብዙ ተጽፏል። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጡትም ያን ሁሉ ሰዓት እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አላነሱም።

በመጨረሻ አንድ ቃል ለእናንተ፣ በቶሮንቶ፣ በኤድመንተን፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በስቶክሆልም ልጅ ለምታሳድጉ። የልጆች ሆኪ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት ያዥ ቀጥሮ አይጫወትም፤ ጠረጴዛው ጋ የሚቀመጡት ወላጆች ናቸው። ተራው ሲደርስዎ "እኔ አላውቅበትም" ብለው አይሽሹ። ቀደም ብለው ይድረሱ፣ የወረቀቱን ኮድ ያስገቡ፣ ሰሌዳውን 8 አድርገው ያዩት፣ ጡሩምባውን አንዴ ይሞክሩት፣ ጓንት አይርሱ። ደግሞም እዚያ ወንበር ላይ እስካሉ ድረስ የሁለቱም ቡድን ሰው ነዎትና ልጅዎ ጎል ቢያገባ ጭብጨባውን ለቤት ያቆዩት፤ መጀመሪያ ሰዓቱን ያቁሙ።