ቆማ የቀረች መርከብ በካርታ ላይ እንዴት ትሳል?

ለንደን ውስጥ፣ ለንደን ብሪጅና ታወር ብሪጅ በተባሉት ድልድዮች መካከል፣ ከቴምዝ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ ፈቀቅ ብላ አንዲት ግዙፍ የጦር መርከብ ታስራ ቆማለች። ስሟ ኤችኤምኤስ ቤልፋስት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1938 ውሃ ላይ ወረደች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጋች፤ የእኛ ቃኘው ሻለቃ በየብስ በዘመተበት የኮሪያ ጦርነትም ከባሕር ሆና መድፏን ተኩሳለች። ከ1971 ወዲህ ሙዚየም ሆና ጎብኚ ታስተናግዳለች።

እንዲህ ያለችው መርከብ ካርታ ሠሪን ታስቸግራለች። ካርታ የሚመዘግበው ባለበት የሚቆየውን ነው፤ መንገዱን፣ ሕንፃውን፣ ድልድዩን። ወደብ ላይ ጭነት ለማራገፍ የቆመች መርከብ ነገ ስለምትሄድ አትሳልም። ቤልፋስት በአካሏ መርከብ ናት፤ በሥራዋ ደግሞ አድራሻና የመግቢያ ሰዓት ያላት ተቋም ናት። ታዲያ ስልካችን ላይ ባለው ካርታ ምን ሆና ትታይ? ሕንፃ? ነጥብ? ወይስ ባዶ ውሃ?

መልሱን በአጭሩ እንዲህ ማስቀመጥ ይቻላል፦ ምንነቷ፣ የዛሬ ሥራዋና መግቢያዋ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይመዝገቡ። አንዱን በሌላው መተካት ነው ስህተት የሚያመጣው።

የባሕር ካርታ ቀድሞ የፈታው

መርከበኞች ይህን ጉዳይ ከየብስ ካርታ ሠሪዎች ቀድመው አስበውበታል። ታስራ የቆመች መርከብ ሙዚየም ሆነችም ምግብ ቤት፣ በአጠገቧ ለሚያልፍ ካፒቴን ልትገጨው የምትችል ነገር ናት። ስለዚህ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሞናኮ የሆነው ዓለም አቀፉ የሃይድሮግራፊ ድርጅት ለኤሌክትሮኒክ የባሕር ካርታ ያወጣው ኤስ-57 የተባለ ደረጃ በቋሚነት ለታሰሩ መርከቦች የራሳቸው ምድብ ሰጥቷቸዋል። በምድቡ ውስጥ ደግሞ መርከቧ ተንሳፋፊ ምግብ ቤት፣ ታሪካዊ መርከብ፣ ሙዚየም ወይም ማደሪያ መሆኗ ይገለጻል። መጀመሪያ ምንነት፣ ቀጥሎ አገልግሎት ማለት ነው።

በ2004 ብሪታንያ ውስጥ የተጀመረውና በፈቃደኞች የሚሠራው ኦፕንስትሪትማፕም ወደዚሁ ያዘነብላል። በዚያ ካርታ ላይ ማንኛውም ነገር ነጥብ ወይም መስመር ሆኖ ይሳልና ምን እንደሆነ የሚናገሩ መለያዎች ይጨመሩበታል። አንድ ቅርጽ ብዙ መለያ መሸከም ስለሚችል ያው የመርከብ ምስል ታሪካዊ መርከብም ሙዚየምም ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የፈቃደኞቹ አንዱ መመሪያ ቦታው ላይ ያለውን መዝግብ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ካርታው እንዲያምርልህ ብለህ የሐሰት መለያ አትስጥ ይላል።

ሁለተኛው መመሪያ ለመርከብ በጣም ያስፈልጋል። ሕንፃ ካርታ ላይ በቀለም ተሞልቶ ስለሚታይ መርከብን ተራ ሕንፃ ብሎ መመዝገብ ያጓጓል። አንዳንዱም ከሥሯ ያለውን ውሃ ቆርጦ አውጥቶ መሬት ያደርገዋል። በከተማዋ ስንት ቤት እንዳለ ወይም ጎርፍ የትኛውን እንደሚያሰጋ የሚያሰላ ሰው ያንኑ መረጃ ሲጠቀም መርከቧን ከመኖሪያ ቤቶች ጋር ይቆጥራታል። ስለዚህ ውሃው እንዳለ ይቆይ፤ መርከቧ ከላዩ ትሳል።

ነጥብ አይበቃም

ቤልፋስት 187 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ያን የሚያህል አካል በአንዲት ነጥብ ቢወከል ካርታው መጠኗንም አቅጣጫዋንም ይደብቃል። ከዚያ የባሰው የመንገድ ጠቋሚው ችግር ነው። ፕሮግራሙ ነጥቡን ወንዝ ላይ ሲያገኘው ለእሱ የሚቀርበውን መንገድ ይፈልጋል፤ የሚቀርበው መንገድ በር ወደሌለበት ጎን ወይም ወደ ማዶ ሊወስድ ይችላል። ጎብኚው መርከቧን እያየ መግቢያውን ያጣል ማለት ነው።

መፍትሔው ዙሪያዋን መሳል፣ ከዳርቻው ወደ መርከቧ የሚያሻግረውን መረማመጃም እንደ እግረኛ መንገድ አድርጎ ከዳርቻው መንገድ ጋር ማገናኘት ነው። መረማመጃው መርከቧን የሚነካበት ቦታ መግቢያ ተብሎ ይመዝገብ። በተሽከርካሪ ወንበር መግባት ከተቻለ ያም ይጠቀስ።

በለንደን መሐል የቴምዝ ውሃ በየቀኑ በብዙ ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ቤልፋስትም አብራው ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ይህ ለካርታው አያሰጋም፤ ከላይ ሲታይ ቦታዋ ያው ነውና። ከአየር ፎቶግራፍ ላይ ሲሳል የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሌላ ነው። ካሜራው በጎን ካነሳት ምሰሶዋና የላይኛው አካሏ ወደ አንድ ወገን የተጋደሙ ይመስላሉ። መስመሩ መከተል ያለበት አካሏ ውሃውን የሚነካበትን ጠርዝ ነው።

ውሃ የሌላቸው መርከቦች

ታሪካዊ መርከብ ሁሉ አይንሳፈፍም። ኤችኤምኤስ ቪክትሪ ከ1922 ጀምሮ በፖርትስመዝ ውሃው ተመጥጦ በወጣለት የመርከብ መጠገኛ ጉድጓድ ውስጥ ናት። ለእሷ ከሥር የሚሳለው ውሃ ሳይሆን ጉድጓዱ ነው።

ከሁሉ የምታሳስተው በብሪስቶል ከተማ ያለችው ኤስኤስ ግሬት ብሪተን ናት። በ1970 ከፎክላንድ ደሴቶች ተጎትታ፣ መጀመሪያ ወደተሠራችበት ጉድጓድ ተመለሰች። ዛሬ በዙሪያዋ መስታወት ተዘርግቶ ስስ ውሃ ፈስሶበታል፤ ከላይ ለሚያያት የተንሳፈፈች ትመስላለች። ከመስታወቱ በታች ብረቷ እንዳይዝግ አየሩ የሚደርቅበት ክፍል አለ፤ ጎብኚም እዚያ ወርዶ ይዘዋወራል። ሳተላይት ብቻ አይቶ የሳለ ሰው ውሃ ብሎ ይመዘግበዋል። ቦታውን የረገጠ ሰው ምስክርነት ከፎቶግራፍ የሚበልጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

በስቶክሆልም ያለችው ቫሳ ደግሞ ጣራ ሥር ናት። በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ ሰጠመች፤ በ1961 ከባሕር ወጣች፤ ሙዚየሟ በ1990 ተከፈተ። እዚህ ሙዚየሙ ሕንፃው ነው፣ መርከቧ ደግሞ በውስጡ ያለች ቅርስ። ጃፓን ዮኮሱካ ውስጥ ያለችው ሚካሳ የታችኛው አካሏ በኮንክሪት ተይዞ መሬት ላይ ተተክላለች። ለእሷ ከሥሯ ውሃ መሳል ስህተት ይሆናል።

ቋሚነቱ እስከ መቼ ነው?

በቋሚነት ታሰረች የተባለች መርከብም ትሄዳለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሺንግተን፣ በባሕር ኃይሉ ግቢ አናኮስቲያ ወንዝ ላይ ዩኤስኤስ ባሪ ለዓመታት ለጎብኚ ክፍት ነበረች። ወንዙ ላይ የማይከፈት አዲስ ድልድይ ሊሠራ ሲታቀድ መውጫ እንዳታጣ ተብሎ በ2016 ተጎትታ ተወሰደች። ከ1948 ጀምሮ ሂዩስተን አጠገብ የቆመችው ዩኤስኤስ ቴክሳስም በነሐሴ 2022 ለጥገና ወደ ጋልቭስተን ሄደች። በአንጻሩ በ1797 ውሃ ላይ የወረደችው የቦስተኗ ዩኤስኤስ ኮንስቲትዩሽን በተወሰኑ ቀናት በጎታች ጀልባ ወደብ ውስጥ ዞራ ትመለሳለች።

ከእነዚህ አንድ መለኪያ ማውጣት ይቻላል። በማንኛውም ተራ ቀን የሚመጣ እንግዳ መርከቧን እዚያ የሚያገኛት ከሆነ ትሳል፤ ለሰዓታት ዞራ መመለሷ ቦታዋን አያሳጣትም። ለጥገና ወራት የምትቆይ ከሆነ ማሰሪያ ቦታዋ ይቆይ፣ ሙዚየሙ ዝግ መሆኑ ይጻፍ። መመለሷ ካልታወቀ ከዛሬው ካርታ ትውጣ፤ የነበረችበትን ዘመን የታሪክ መዝገብ ይያዘው። መረጃው ለመጨረሻ ጊዜ የተጣራበት ቀንም አብሮ ቢጻፍ ቀጣዩ አራሚ ከየት እንደሚነሳ ያውቃል።

አሠራሩ የበዛ ቢመስልም አብዛኛው በአንድ ጉብኝት የሚያልቅ ሥራ ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው ከመረማመጃው ይጀምር፤ የመርከቧ መጠንና ታሪክ ከሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል፣ በየት በኩል እንደሚገባ የሚያውቀው ግን እዚያ የሄደ ሰው ነው።