ፍላድስሎ በብስክሌት

የቤልጂየም ምዕራብ ፍላንደርስ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ብስክሌት ደግሞ ለሜዳ ይመቻል። ማብራሪያ የሚያሻው ቁጥሩ ነው። የብስክሌት መንገዶቹ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ቆሟል። የምታልፉባቸውን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ መሪው ላይ ታስራላችሁ፤ ከዚያ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ መንዳት ነው። ዘዴውን ያፈለቀው ሁጎ ቦለን የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ሲሆን የመጀመሪያው መረብ በ1995 (እ.ኤ.አ.) በሊምበርግ ተከፍቷል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት መቃብሮች፣ ምሽጎችና ሐውልቶች የሚጎበኙት በዚሁ ዓይነት መረብ ነው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2022 ያሸነፈበት የጌንት–ቬቨልገም ውድድርም በዚያ ዓመት የተነሣው ከጦርነቱ ከተማ ከኢፐር ነበር።

ጎብኚው ሁሉ ወደ ኢፐር ይጣደፋል። እኔ ግን ፍላድስሎን አስቀድማለሁ።

ፍላድስሎ ከዲክስሞይደ ከተማ ብዙ አይርቅም። በዛፎች ጥላ ሥር 25,644 የጀርመን ወታደሮች ያረፉበት መቃብር ነው፤ መሬት ላይ የተነጠፈው እያንዳንዱ ድንጋይ ሃያ ስም ይዟል። በመቃብሩ ጫፍ ጀርመናዊቷ ሠዓሊና ቀራጺ ኬተ ኮልቪትስ የሠራቻቸው አባትና እናት ተንበርክከዋል።

ብዙ ሰው በደፈናው የሐዘን ምልክት ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። ግን የኮልቪትስ የራሷና የባሏ የካርል መልክ ናቸው። ልጃቸው ፔተር በ18 ዓመቱ ለመዝመት የአባቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ካርል እምቢ ሲል ለልጇ ወግና ያግባባችው እናቲቱ ናት። ፔተር በኦክቶበር 1914 እዚሁ ዲክስሞይደ አቅራቢያ ተገደለ። እሷም በዚያው ዓመት መታሰቢያውን ጀመረች፤ መሐል ላይ ተወችው፤ ደግሞ ተመለሰችበት። ሐውልቶቹ የቆሙት በ1932 ነው፤ ያኔም ፔተር በተቀበረበት በኤሰን ነበር። በ1950ዎቹ የተበታተኑት መቃብሮች ሲሰባሰቡ ልጁም ወላጆቹም ወደ ፍላድስሎ መጡ።

ይህን ይዛችሁ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ጎን ለጎን ናቸው፤ ግን በየራሳቸው መደብ ላይ ናቸው፣ አይነካኩም። አባት ራሱን በክንዶቹ አቅፎ፣ ጀርባውን አቅንቶ የፔተር ስም ወዳለበት ድንጋይ ያያል። እናት አጎንብሳለች። በእኔ እይታ የሐውልቱ ዋና ነገር ይህ ክፍተት ነው፤ የፈቃዱ ነገር መሐላቸው ገብቷል።

ብስክሌተኞች ተንጋግተው ገብተው የእናቲቱን ፎቶ ብቻ አንሥተው ሲወጡ አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ብስክሌቱን ከበሩ ውጭ አቁሙ። መጀመሪያ ሁለቱን አብራችሁ እዩ፣ ቀጥሎ በፔተር ድንጋይ በኩል ቆማችሁ ወደ እነሱ ዙሩ።

ከዚያ በዲክስሞይደ በኩል፣ የቤልጂየም ወታደሮች በአይዘር ወንዝ ዳር የያዙትን ምሽግ አይታችሁ ወደ ኢፐር ውረዱ። ከ54,000 በላይ መቃብራቸው ያልታወቀ ወታደሮች ስም በተቀረጸበት በሜኒን በር ሥር ከ1928 ጀምሮ ማታ ማታ 2 ሰዓት ላይ መለከት ይነፋል። ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ ቀደም ብላችሁ ድረሱ።